ባለጎማ ቤት ለመግዛት ስንት ሌሊት ያስፈልጋል?

በአሜሪካ የሞተርሆም መሸጫ ግቢዎች በመስታወት ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሁለት ቁጥሮች አሉት። አንዱ ዋጋው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በትንሹ ይጻፋል። ሁለተኛው የወር ክፍያው ነው፤ እሱ ከመንገድ ማዶ ሆኖም ይነበባል። 119,995 ዶላር ያስደነገጠው አባወራ «በወር 803 ዶላር» የሚለውን ሲያይ ልቡ ይመለሳል። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሰፈረውን «240 ወር» ልብ የሚለው ግን ጥቂቱ ነው። ሁለት መቶ አርባ ወር ማለት ሃያ ዓመት ነው። ዛሬ የስምንት ዓመት ልጁን እጅ ይዞ የሚፈርም ሰው የመጨረሻውን ክፍያ የሚከፍለው ልጁ ሃያ ስምንት ዓመት ሲሞላው ይሆናል።

ሞተርሆም ማለት ሞተሩና መኖሪያው በአንድ ሻንሲ ላይ የተሠራ፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና ሽንት ቤት ያለው ተሽከርካሪ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «የቤት መኪና» ሲባል የግል አውቶሞቢል ማለት ስለሆነ ስሙን እንዳለ መውሰዱ ግራ ከመጋባት ያድናል። ጉዳዩ ከመርካቶ የራቀ ይመስላል። ሆኖም በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያ ወይም በሌላው የአሜሪካ ክፍል ወንድም ወይም እህት ያለው ነጋዴ «የቅድሚያ ክፍያውን ግማሽ አዋጣና እዚህ ገዝተን እናከራየው» የሚል የሽርክና ሐሳብ ቢቀርብለት፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት ሒሳቡን ከሥሩ ማየት ይኖርበታል። ቤተሰቡን ይዞ ለመንሸራሸር የሚፈልገውም ቢሆን የሚሠራው ሒሳብ ያው ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ወጥቶ የወረደ ገበያ

በአሜሪካ የሚሸጡት ሞተርሆሞችና በመኪና የሚጎተቱ ተሳቢ ቤቶች አብዛኞቹ የሚገጣጠሙት በኢንዲያና ግዛት፣ በኤልክሃርት ከተማና በአካባቢዋ ነው። ገበያውን በዋናነት የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው። እነሱም ቶር ኢንዱስትሪስ፣ የዋረን ባፌት በርክሻየር ሃታዌይ በ2005 የገዛው ፎረስት ሪቨር፣ እና በ1958 በአዮዋ ግዛት በፎረስት ሲቲ የተቋቋመው ዊኔባጎ ናቸው። በመሸጫው ግቢ የሚታየው የስም ብዛት የጦፈ ውድድር ያለ ያስመስላል። ነገር ግን ጄይኮን የመሰለ የቆየ ስም እንኳ ከ2016 ጀምሮ የቶር ንብረት ነው። ገዢው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ሲዘዋወር ብዙ ጊዜ ከአንድ ባለቤት ሁለት ሱቅ መካከል እየተመላለሰ ነው።

ዘርፉ ለወለድና ለሥራ አጥነት በጣም ስሱ ነው፤ ቤተሰብ ሲጨንቀው መጀመሪያ የሚሰርዘው የመዝናኛ ወጪን ነውና። በ2009 ከፋብሪካዎቹ የወጣው ወደ 165 ሺሕ የሚጠጋ ብቻ ነበር። ኮቪድ ሆቴልና አውሮፕላን ሲዘጋ ነገሩ ተገለበጠና በ2021 ቁጥሩ 600,240 ደረሰ። ከዚያ በፊት ያን ያህል ተመርቶ አያውቅም። በመጋቢት 2022 ከዜሮ አቅራቢያ የተነሳው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የወለድ መጠን በሐምሌ 2023 ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ሲደርስ፣ የዚያ ዓመት ምርት ወደ 313,174 ወረደ። በ2024 በጥቂቱ አገግሞ 333,733 ሆነ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበዙት ተሳቢዎች ሲሆኑ ባለሞተሮቹ አናሳዎቹ ናቸው።

ለገዢው የሚጠቅመው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በ2021 እና በ2022 በውድ ዋጋ ገዝተው አሁን ለመገላገል የሚፈልጉ ባለንብረቶች በየሰፈሩ አሉ። በአዲሱም ቢሆን በወረቀቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ የድርድር መነሻ እንጂ ዋጋ አይደለም፤ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ማስቀነስ የተለመደ ነው። ቅናሹ የሚሰፋው መኸሩ ሲገባና ክረምቱ ሲቃረብ፣ ነጋዴው ግቢውን ከበረዶ በፊት ማራገፍ ሲፈልግ ነው። በሚያዝያና በግንቦት የሚሄድ ገዢ ግን በበዓል ዋዜማ በግ እንደሚገዛ ሰው ነው።

ዓይነታቸው ሦስት ነው። ክላስ ኤ የሚባለው አውቶቡስ መሰል ሲሆን ከሁሉም ይገዝፋል። ክላስ ቢ እንደ መርሴዲስ ስፕሪንተርና ፎርድ ትራንዚት ባለ ቫን ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ለመንዳት ቀላል ቢሆንም ሦስት ልጆች ላሉት ቤተሰብ አይበቃም። ክላስ ሲ በአብዛኛው እንደ ፎርድ ኢ-450 ባለ የጭነት ሻንሲ ላይ የሚሠራ ነው። ግንባሩ ከሾፌሩ ራስ በላይ ወጣ ያለ ሲሆን እዚያ ላይ ተጨማሪ አልጋ አለው። ቤተሰቦች የሚመርጡት ይህንኑ በመሆኑ የሚከተለው ሒሳብ በእሱ ላይ የተሠራ ነው።

የሃያ ዓመቱ ብድር

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ቤተሰብ በ120,000 ዶላር አዲስ ክላስ ሲ ገዛ እንበል። ባንኮችና የብድር ማኅበራት በአብዛኛው ከ10 እስከ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። ቤተሰቡ 20 በመቶውን፣ ማለትም 24,000 ዶላር ከፍሎ 96,000 ዶላር በ8 በመቶ ወለድ ለሃያ ዓመት ይበደራል። የወር ክፍያው 803 ዶላር ይመጣል። ዕዳው እስኪያልቅ የሚከፈለው በጠቅላላው 192,700 ዶላር ገደማ ነው፤ ወለዱ ብቻውን ከብድሩ ይበልጣል።

ችግሩ ግን ከዚያ በፊት ይመጣል። በአምስት ዓመት ውስጥ ቤተሰቡ 48,180 ዶላር ከፍሏል። ከዚህ ውስጥ ከዋናው ዕዳ ላይ የተቀነሰው 12,000 ዶላር ያህል ብቻ ነው፤ ቀሪው 36,200 ወለድ ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ 84,000 ዶላር ዕዳ አለበት። ሞተርሆሙ በበኩሉ እንደ ቤት ዋጋው አይጨምርም፤ እንደ መኪና ያረጃል። በአምስት ዓመት 40 በመቶ ቢወርድ ሊሸጥ የሚችለው በ72,000 ነው። ሥራ ቢጠፋ፣ ትዳር ቢፈርስ ወይም ሰው ቢታመም፣ ቤተሰቡ ንብረቱን ሸጦ ከዕዳው ለመውጣት 12,000 ዶላር ከኪሱ መጨመር አለበት ማለት ነው። በ2021 የገዙት ብዙዎች የወደቁት እንዲህ ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው።

ያንኑ ብድር በአሥር ዓመት ቢያደርገው የወር ክፍያው 1,165 ዶላር ይሆናል። በአምስተኛው ዓመት ግን የሚቀርበት ዕዳ 57,400 ነው። በ72,000 ሲሸጥ 14,600 ዶላር ይዞ ይወጣል። ጠቅላላ ወለዱም ከ96,700 ወደ 43,800 ይወርዳል። እንግዲህ መለኪያው ቀላል ነው። በአሥር ዓመት ብድር የማይቻል ሞተርሆም ለዚያ ቤተሰብ ተወድዷል። ሻጩ የብድር ዘመኑን ሲያስረዝም ዋጋውን የቀነሰ ይመስላል እንጂ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም።

በፊርማው ጠረጴዛ ላይ ሌላም ነገር ይመጣል። ከመሸጫ ክፍሉ ወጥቶ ወደ ፋይናንስ ክፍሉ የሚገባው ገዢ የተራዘመ ዋስትና፣ የጎማ ዋስትና፣ የቀለም መከላከያ እየተባለ በየተራ ይቀርብለታል። ሁሉም «በወር ጥቂት ዶላር ነው» ይባላል። በሃያ ዓመት ብድር ውስጥ የገባ የ4,000 ዶላር ዋስትና በ8 በመቶ ወለድ ከ8,000 በላይ ሆኖ ይከፈላል፤ ዋስትናው ራሱ ካለቀ ከብዙ ዓመታት በኋላም ሲከፈል ይኖራል። አዋቂ ገዢ ብድሩን ከራሱ ባንክ አስፈቅዶ ይሄዳል፣ የሻጩን የብድር ሐሳብ ከዚያ ጋር ያስተያያል፣ ከጊዜው በፊት ቢከፍል ቅጣት እንዳለው አስቀድሞ ይጠይቃል።

ዘጠና አምስት ሌሊት

ብዙ ቤተሰብ «ሆቴል ከምንከፍል» ብሎ ይገዛል። ስለዚህ ንጽጽሩን በሌሊት ቆጥሮ መሥራት ይገባል። ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ የዋጋው መቀነስ በአምስት ዓመት 48,000 ዶላር ስለሆነ በዓመት 9,600 ይደርሳል። ወለዱ በዓመት በአማካይ 7,240 ነው። ሜሪላንድ ከሐምሌ 2025 ጀምሮ የባለቤትነት ምዝገባ ታክሷን 6.5 በመቶ ስላደረገች 7,800 ዶላር ይከፈላል፤ ለአምስት ዓመት ሲካፈል 1,560 ነው። ኢንሹራንስ 1,500፣ ማቆሚያ ቦታ በወር 150 ሒሳብ 1,800፣ ጥገና 2,000 ብንል ድምሩ 23,700 ዶላር በዓመት ይሆናል። ነዳጅና የማደሪያ ቦታ ክፍያ አልገቡም፤ የተከራየውም የገዛውም እኩል ይከፍላቸዋልና። ቅድሚያ ክፍያው ባንክ ቢቀመጥ ያመጣ የነበረው ወለድም አልተቆጠረም።

ተመሳሳይ ሞተርሆም ከግብሩና ከኪሎ ሜትር ሒሳቡ ጋር በሌሊት 250 ዶላር ይከራያል ብንል፣ 23,700 ለ250 ሲካፈል 95 ይመጣል። ቤተሰቡ በዓመት 95 ሌሊት የማያድርበት ከሆነ መከራየት ይሻለዋል ማለት ነው። የአሜሪካ የትምህርት ቤት የበጋ ዕረፍት አሥር ሳምንት ገደማ ነው፤ ያውም አባትና እናት የሁለት ወይም የሦስት ሳምንት ፈቃድ ብቻ ያላቸው ከሆነ ሠላሳ ሌሊት ከሞላ ትልቅ ነገር ነው። በሠላሳ ሌሊት ሲካፈል አንዱ ሌሊት 790 ዶላር ይወጣል። በዚህ ዋጋ አምስት ሰው በጥሩ ሆቴል ያድራል፣ ቁርስም ይጨመርለታል።

አምስት ዓመት ያገለገለውን በ72,000 መግዛት ሒሳቡን ያቀለዋል። 20 በመቶ ተከፍሎ ቀሪው በ9 በመቶ ለአሥር ዓመት ቢወሰድና ከአምስት ዓመት በኋላ በ50,000 ቢሸጥ፣ ጥገናውን ወደ 3,500 ከፍ፣ ኢንሹራንሱን ወደ 1,200 ዝቅ አድርገን የዓመት ወጪው 16,100 ገደማ ነው። ይህም 64 ሌሊት ነው። አሁንም ከሠራተኛ ቤተሰብ አቅም በላይ ቢሆንም ለጡረተኛ ወይም ሥራውን ከየትም ሆኖ በኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ይሆናል። ሰዎች ገንዘብ ለመቆጠብ ሳይሆን ደስ ስለሚላቸው ይገዛሉ፤ ይህ ነውር የለበትም። ነውሩ ደስታውን ቁጠባ ነው ብሎ ራስን ማታለል ነው።

ታክስ ይመለሳል የሚለው ወሬም ተጣርቶ መታየት አለበት። የአሜሪካ የገቢ ግብር ሕግ መኝታ፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ያለውን ሞተርሆም እንደ ሁለተኛ መኖሪያ ቤት ስለሚቆጥረው፣ ሞተርሆሙ ራሱ መያዣ የሆነበት ብድር ወለድ ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ሻጮች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሕጉ ግን ይህን የሚፈቅደው ተቀናሾቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሚያቀርብ ነው። ለ2025 የግብር ዘመን ባልና ሚስት ሳይዘረዝሩ በደፈናው የሚቀነስላቸው 31,500 ዶላር ነው። የሞተርሆሙ የመጀመሪያ ዓመት ወለድ 7,600 ገደማ ነው። ትልቅ የቤት ዕዳ ወይም ሌላ ብዙ ተቀናሽ የሌለው ቤተሰብ ከዚህ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

የሞንታና ዘዴም አለ። ሞንታና የሽያጭ ታክስ ስለሌላት አንዳንዶች እዚያ በወረቀት ኩባንያ አቋቁመው ሞተርሆሙን በኩባንያው ስም ያስመዘግባሉ። ታርጋው የሞንታና፣ መኪናው የሚያድረው ግን ሜሪላንድ ወይም ካሊፎርኒያ ነው። ግዛቶች ይህን እየተከታተሉ ታክሱን ከነቅጣቱ ሲያስከፍሉ ቆይተዋል። አደጋ ሲደርስም ኢንሹራንሱ «መኪናው የት ነው የሚውለው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ገዝቶ ማከራየት

ወደ ሽርክናው ሐሳብ እንመለስ። ሞተርሆምን በግለሰብ ደረጃ ለማከራየት የሚያገናኙ የአሜሪካ ድርጅቶች አሉ፤ ከባለንብረቱ የሚወስዱት ኮሚሽን ከ20 እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። ከላይ ያለውን አዲስ ሞተርሆም በዓመት 60 ሌሊት በ200 ዶላር አከራዩት እንበል። ከ12,000 ዶላሩ ኮሚሽኑ ሲነሳ 9,000 ይቀራል። የዓመት ወጪው ወደ 14,700 ወረደ፤ ባለቤቱ ራሱ የሚጠቀምባቸው ሠላሳ ሌሊቶች አሁንም እያንዳንዳቸው 490 ዶላር ያወጡበታል። ራሱ ጨርሶ ሳይነካው ለንግድ ብቻ ቢያውለው፣ ወጪውን ለመሸፈን ብቻ በዓመት 158 ሌሊት መከራየት አለበት። ትርፉ የሚጀምረው ከ159ኛው ሌሊት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የክረምቱ ወራት ለዚህ ሥራ የሞቱ ናቸው።

ይህም የሚሆነው ሞተርሆሙ ሳይሰበር፣ ተከራይ የሽንት ቤቱን ታንክ ሳይዘጋ ነው። ደግሞ ለግል የተገባ ኢንሹራንስ ለኪራይ አገልግሎት ሲውል የደረሰን ጉዳት ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም፤ አንዳንድ የብድር ውሎችም ማከራየትን ይከለክላሉ። የወለድ ተቀናሹንም የሚፈልግ ባለንብረት ከተከራየባቸው ቀናት ከ10 በመቶ በላይ ወይም ከ14 ቀን በላይ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል፣ ራሱ ሊጠቀምበት ይገባል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ ገንዘብ አዋጥቶ ለሚገባ ሸሪክ የዚህ ሥራ ቁልፍ በሜሪላንድ ያለው ዘመድ ቅዳሜና እሑድ ሞተርሆም ለማጠብና ለማስረከብ ያለው ትዕግሥት ነው። እሱ በውል ላይ አይጻፍም።

ጣሪያውን ሳያዩ ቀብድ አይሰጥም

ያገለገለ ሞተርሆም ሲገዛ ሰው ወደ ሞተሩ ይሮጣል። ሞተሩ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ችግር ነው፤ ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ማሸጊያ ሲሰነጠቅ ውኃ ቀስ ብሎ በግድግዳው ውስጥ ይወርድና እንጨቱን ያበሰብሳል። የውጪው ግድግዳ በጎን ሲታይ እንደ አረፋ ካበጠ፣ ከሾፌሩ በላይ ባለው አልጋ ጥግ ላይ ሲጫኑት ከለሰለሰ ወይም ውስጡ የሻጋታ ሽታ ካለው፣ ዋጋው በግማሽ ቢወርድ እንኳ መተው ይሻላል። መሰላል ይዞ ጣሪያ ላይ መውጣት አሳፋሪ አይደለም። ራሱን የቻለ መርማሪ ቀጥሮ ማስመርመር ብዙ መቶ ዶላር ይፈጃል፤ ከአንድ የበሰበሰ ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር ግን ምንም አይደለም።

ጎማውም ያታልላል። ሞተርሆም ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። በጎማው ጎን ላይ በሚገኘው መለያ መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያመለክታሉ፤ 1419 ካለ በ2019 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ የሆነው አዲስ ቢመስልም መቀየር አለበት፤ የስድስት ጎማ ዋጋ ከድርድሩ ላይ ይነሳ።

ዋስትናው አንድ አይደለም። ሻንሲው የፎርድ ወይም የመርሴዲስ፣ ቤቱ የገጣጣሚው፣ ማቀዝቀዣውና ጄኔሬተሩ የየራሳቸው አምራቾች ናቸው፤ አንዱ ጥፋቱን ወደ ሌላው ይመልሳል። ጉድለቱ የማይጠገን መኪና ለሻጩ ይመለስ የሚሉት የየግዛቱ ሕጎችም በብዙ ቦታ የሞተርሆሙን መኖሪያ ክፍል አይመለከቱም።

ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከዚህ ሁሉ በፊት የሚታየው ቀበቶው ነው። ስድስት ሰው ያስተኛል የተባለ ሞተርሆም ስድስት ሰው በደህና ያስጉዛል ማለት አይደለም። ወደ ጎን በዞረ ሶፋ ላይ የልጅ መቀመጫ አይታሰርም። በመመገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ ያሉት መቀመጫዎች ቀበቶ ቢኖራቸውም፣ ቀበቶው ከብረቱ ጋር እንጂ ከኮምፔንሳቶው ጋር ብቻ እንዳልተሰካ ጎንበስ ብሎ ማየት ይገባል።

ክብደትም አለ። በበሩ አካባቢ የሚለጠፈው ወረቀት ሰውንና ዕቃን ጨምሮ ስንት ኪሎ መጫን እንደሚቻል ይናገራል፤ በትልልቅ ክላስ ሲዎች ላይ ቁጥሩ ሲታይ ያስገርማል። 180 ሊትር ውኃ 180 ኪሎ ነው። አምስት ሰው፣ ብስክሌት፣ የማብሰያ ዕቃና ለሳምንት የሚሆን እንጀራ ሲጨመር ወሰኑ በቀላሉ ይታለፋል። በየጭነት መኪና ማረፊያው መመዘኛ ሚዛን አለ። በአሜሪካ በጭነት መኪና ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉምና ቦታውን የሚያሳይ ዘመድ አይጠፋም።

መንገድ ላይ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፊላደልፊያ የሚወጣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ባልቲሞር ነው። በከተማዋ ወደብ ሥር በሚያልፉት ሁለት ዋሻዎች፣ በሃርበርና በፎርት ማክሄንሪ፣ በአንድ ሲሊንደር ከ4.5 ኪሎ በላይ ጋዝ የያዘ ተሽከርካሪ ማለፍ አይችልም። የሞተርሆም ምድጃና ማሞቂያ የሚሠራበት ጋዝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ቀድሞ አማራጩ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ ነበር፤ እሱ በመጋቢት 26 ቀን 2024 መርከብ ገጭቶት ከፈረሰ ወዲህ በከተማዋ ምዕራብ በኩል በ695 የቀለበት መንገድ መዞር ግድ ሆኗል። የተለመደው የስልክ ካርታ ይህን አይነግርም፤ ቁመትና ጋዝ ተሞልቶለት መንገድ የሚመርጥ ለሞተርሆም የተዘጋጀ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ቁመት በሜትርና በፊት ተጽፎ በሾፌሩ ፊት መለጠፍ አለበት። ከዋሽንግተን በቅርብ ርቀት ባለው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመት 3.86 ሜትር ነው። ክላስ ሲ በአብዛኛው ያልፋል፤ ከፍ ያለ ክላስ ኤ ግን ይነካል። በሞንታና የግሌሸር ፓርክ ዝነኛው የተራራ መንገድ ዋና ክፍል ላይ ከ6.4 ሜትር የረዘመ ተሽከርካሪ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ክላስ ሲ ማለት ይቻላል በሙሉ ከታች ቆሞ ቤተሰቡ በሌላ መኪና ይወጣል። በዩታ የዛዮን ፓርክም ግዙፍ ተሽከርካሪዎች በ1930 በተሠራው ዋሻ እንዳያልፉ ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ የሚጸና ውሳኔ ተላልፏል። በፓርኮቹ ውስጥ ያሉ ማደሪያዎች ብዙዎቹ ከስድስት ወር በፊት ስለሚያዙ ለሐምሌ የሚያስብ በጥር ይመዘገባል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ካለ ደግሞ ከጥር 2026 ጀምሮ በአሜሪካ ነዋሪ ላልሆነ ሰው የፓርኮቹ የዓመት መግቢያ 250 ዶላር ሲሆን ለነዋሪው 80 ነው።

ነዳጁ አይጠየቅ። ክላስ ሲ በአንድ ሊትር ቤንዚን አራት ኪሎ ሜትር ከሄደ ይመሰገናል።

የፍሳሹን ነገር ሻጭ በፈገግታ ያልፈዋል። ሞተርሆም ሁለት ታንክ አለው፤ ጥቁሩ የሽንት ቤቱ፣ ግራጫው የመታጠቢያው። ሁለቱም በተፈቀደ ቦታ ብቻ ይደፋሉ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ቀጥሎ ግራጫው ይከፈታል፤ የሳሙናው ውኃ ቱቦውን ያጥበዋልና። የጥቁሩን መክፈቻ ሁልጊዜ ክፍት አድርጎ የሚተው ጀማሪ ፈሳሹ ብቻ ወጥቶ ደረቁ እንደ ሲሚንቶ ይቀመጥበታል። ጄኔሬተር አስነስቶ መተኛት ደግሞ ከቀልድ ውጭ ነው፤ የጭሱ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። መጠቆሚያው መሥራቱ በየጉዞው ይፈተሽ።

ለመግዛት ልቡ የቆረጠም ቢሆን አስቀድሞ ያንኑ ዓይነት ለአንድ ሳምንት ይከራይ። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ሲዘንብና አምስት ሰው በሃያ ካሬ ሜትር ውስጥ ሲውል የሚታወቀው ነገር በመሸጫው ግቢ አይታወቅም። 1,750 ዶላር ይወጣበታል፤ ከ24,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ጋር ሲነጻጸር የናሙና ዋጋ ነው።

መሸጫው ጊዜ ደግሞ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ዕዳ ያለበት ሞተርሆም የባለቤትነት ወረቀት፣ በእኛ አነጋገር ሊብሬው፣ ላይ አበዳሪው ተመዝግቧል። ገዢው ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቶ ወረቀቱን «በኋላ ይላካል» ተብሎ መሄድ የለበትም። ሁለቱ አብረው አበዳሪው ዘንድ ቀርበው ወይም ደውለው በዚያን ቀን የሚቀረውን ዕዳ በጽሑፍ ያስወጣሉ፣ ገዢው ያንን በቀጥታ ለባንኩ ይከፍላል፣ ልዩነቱን ብቻ ለሻጩ ያስረክባል። ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የሚከፍለው ሻጩ ነው፤ ይህንንም ቁልፍ ከመቀበል በፊት መጠየቅ ነው።